የራቤሉ መርዶና የማስመሰያው ሰዓት

የበደለኝ ሰው መስፍን ይባላል። የበደለኝም የእማማ ዘነበች ልጅ ራቤል በምትባል ከተማ በሞተበት የገበያ ቀን ነው። ስሙን ከላይ ያስቀመጥኩት አንባቢ «ማን ይሆን?» እያለ እንዳይደክም ብዬ ነው። እሱ ራሱ ቢያነበውም ስሙን ፍለጋ እንዳይቸገር።

ሙያዬ ሶፍትዌር መፈተን ነው። ሌላው ፕሮግራም ይጽፋል፤ እኔ የተጻፈው ነገር እንደተባለለት ይሠራ እንደሆነ አያለሁ። ምስጋና የሌለው ሥራ ነው። ሲሠራ የጻፈው ይመሰገናል፤ ሲበላሽ ፈታኟ ትጠየቃለች። ይህ ደንብ የትም ተጽፎ አላየሁም፤ ግን እንደ አባታችን ሆይ ሁሉም በቃሉ ይዞታል።

ይህ የሆነበት ቢሮ ዓለም ከተማ ከአውቶቡስ ተራው ወረድ ብሎ፣ ከአንድ የቆርቆሮና የሚስማር ሱቅ በላይ ነበር። ከዚያ በፊት ሒሳብ አስተምሬያለሁ፤ ኋላም ኮምፒውተር ተምሬ አዲስ አበባ ብዙ ዘመን በፈታኝነት ሠርቻለሁ። እናቴ ስትደክም ወደ አገሬ ተመለስኩ። ቡድን መሪው መስፍን የሰፈራችን ልጅ ነው። ክርስትና ሲነሳ የጠላውን ጌሾ የወቀጥኩት እኔ ነኝ።

«በቢሮ ሁላችንም እርስዎ ነው የምንባባለው፣ እትዬ አስካለ» አለኝ፣ ገና ወንበር ሳልይዝ።

«አንተንም እርስዎ ልበልህ?»

«እኔንም።»

«በክርስትናህ ዕለት እርስዎ አላልኩህም ነበር።»

ሳቀ። የሳቀው ግን በጥርሱ ብቻ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እርስዎ አልኩት። ይህ ጽሑፍ ግን ቢሮ አይደለም፤ እዚህ አንተ ነው፣ እሱ ነው።

የተሰጠን ሥራ የእድሮች ሥራ ነበር። የዓለም ከተማ፣ የቀየትና የራቤል እድሮች ኅብረት ፈጥረው አባላቸው ሲሞት ለእድርተኛው ሁሉ በስልክ መልእክት የሚልክ ፕሮግራም ፈለጉ። የኅብረቱ ዳኛ ጋሽ ተክሌ ናቸው። ጋቢያቸውን ተከናንበው መጥተው፣ ዱላቸውን ከጠረጴዛው ጎን አስደግፈው፣ የሚፈልጉትን ነገሩን።

«ጥሩምባ ነፊያችን ጥሩ ነው» አሉ። «ግን ጥሩምባ ገደል አይሻገርም። ሰው ራቤል ሞቶ ወንድሙ እዚህ ሳይሰማ ይቀበራል። ስለዚህ በስልክ ይድረስ። አንድ ነገር ግን አደራ። መርዶ በስልክ አይነገርም።»

መስፍን እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ጋሼ፣ በስልክ ይድረስ አሉ፤ በስልክ አይነገር አሉ። የቱን እንሥራ?»

«ሁለቱንም። ለእድርተኛው በስልክ ይድረስ። ለሐዘንተኛው ግን ሽማግሌ ሄዶ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ሰው በግራ በቀኝ ይዞት ነው የሚረዳው። እሱ ሳይረዳ ለማንም አይውጣ። ጎረቤት ከሰማ እሱም ሰማ ማለት ነው፤ ሰፈር አፍ አለው።»

እንዲህ ሆኖ ተሠራ። የእድሩ ጸሐፊ ሟቹን ይመዘግባል። ፕሮግራሙ ሦስት ሰዓት ይጠብቃል። ማንም ምንም ካላለ መልእክቱ ለሁሉም ይሄዳል። ዳኛው «ይቆይ» የሚለውን ከተጫኑ ግን መጠበቁ ይቆማል፤ ሽማግሌዎች አርድተው መጥተው «ተረድቷል» እስኪጫኑ ድረስ መልእክቱ ከቤት አይወጣም። በወረቀት ላይ ያማረ ነበር። በወረቀት ላይ የማያምር ነገር አይቼ አላውቅም።

የኔ ሥራ ያ የሦስት ሰዓት ጥበቃ በትክክል መጠበቁን ማረጋገጥ ነው። መስፍን ያዘዘኝ መንገድ ይህ ነበር፦ ሰው እመዘግባለሁ፣ ሦስት ሰዓት ቁጭ እላለሁ፣ ስልኬን አያለሁ። መልእክት ከመጣ አልፏል። ካልመጣ ወድቋል። አንድ ሰው ለመግደል ግማሽ ቀን ይፈጅብኝ ነበር። ከቤት እንዝርትና ባዘቶ ይዤ መምጣት ጀመርኩ።

«እትዬ አስካለ፣ ደመወዝ የሚከፈልዎ ለመፍተል ነው ለመፈተን?» አለኝ መስፍን አንድ ቀን፣ ሌሎቹ እንዲሰሙት ጮክ ብሎ።

«ለሁለቱም ጊዜ የሰጡኝ እርስዎ ነዎት» አልኩት።

ሌሎቹ ሳቁ። እሱ በዚያን ቀን አለመሳቁን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ሁልጊዜ በዚህ መንገድ መቀጠል እንደማይቻል ገባኝ። ፕሮግራሙን የምንጽፍበት ፍሬምወርክ፣ ማለት ተዘጋጅቶ የሚመጣው ማዕቀፍ፣ የራሱ መፈተኛ አለው፤ በመፈተኛው ውስጥ ደግሞ የማስመሰያ ሰዓት አለ። ብዙ ወጣቶች ስለማይነኩት ላስረዳ። ፕሮግራሙ «ከሦስት ሰዓት በኋላ ቀስቅሰኝ» ሲል እውነተኛውን ሰዓት ያነጋገረ ይመስለዋል፤ የሚያነጋግረው ግን ማስመሰያውን ነው። ማስመሰያው ቀጠሮውን ይይዛል። ሰዓቱ በራሱ አይሄድም፤ እኔ «ይህን ያህል ሄደ» ስለው ብቻ ይሄዳል። «ሦስት ሰዓት ሄደ» ካልኩት ፕሮግራሙ እውነት ሦስት ሰዓት የጠበቀ መስሎት ተነሥቶ ሥራውን ይሠራል። እኔ ባዘቶዬን ሳላነሳ አለቀ ማለት ነው።

ሌላም ጥሩ ጠባይ አለው። ፈተናው ሲያልቅ ያልደረሰ ቀጠሮ፣ በሙያው አጠራር ቆጣሪ፣ ከቀረ ዝም ብሎ አያልፍም። «ወረፋ ላይ የቀረ ቆጣሪ አለ» ብሎ ፈተናውን ይጥለዋል። ይህን ጠባዩን ወደድኩለት። የተረሳን ነገር የሚያስታውስ በቢሮአችን ውስጥ እኔና እሱ ብቻ ነበርን።

ግማሽ ቀን የሚፈጅብኝ ፈተና ከዓይን ጥቅሻ አነሰ። ለመስፍን አሳየሁት። ጭንቅላቱን ነቀነቀ። በሳምንቱ ጋሽ ተክሌ ሊያዩ ሲመጡ ወደ ኮምፒውተሩ ማያ ጠቁሞ፣ «ጋሼ፣ ጊዜን የሚያሳጥር ዘዴ አግኝቻለሁ» አላቸው።

«ጾሙንም ያሳጥራል?» አሉ ጋሽ ተክሌ።

ሁሉም ሳቀ። እኔ በዚያን ጊዜ ከግድግዳው አጠገብ ቆሜ የማያውን ገመድ ሶኬቱ ላይ በእጄ ጫን ብዬ ይዤ ነበር። ካልተያዘ ይላቀቃል። ዘዴው የተገኘው በእሱ ይሁን፤ መብራቱ የተያዘው ግን በኔ ነው።

ከዚያ ጸሐፊዎቹ እንዴት እንደሚሠሩ ለማየት ራቤል ሄድኩ። መስፍን አልሄደም፤ መንገዱ ወገቡን ያመዋል። ራቤል ብርድ ነው፣ ኔትወርኩም ከብርዱ የተነሣ ይመስል እጁን ከጋቢ አያወጣም። ጸሐፊው ለሙከራ አንድ ስም መዘገበና «መዝግብ» የሚለውን ተጫነ። ምንም የለም። ጠበቀ። ደግሞ ተጫነ። ከዚያ ጠረጴዛውን በጥፊ መታው።

«ሁልጊዜ ሁለቴ ነው የምትጫነው?» አልኩት።

«ይኸ እንደ በሬ ነው እትዬ። በአንድ ጅራፍ አይነሳም።»

ቀየትም አየሁ፤ እዚያም በአንድ ጅራፍ አይነሳም። ዓለም ከተማ ተመልሼ ፈተናውን ጻፍኩ። ጸሐፊው ሁለቴ ይጫናል። ዳኛው «ይቆይ» ይላሉ። ማስመሰያው ሦስት ሰዓት ይሄዳል። ከዚያ እጠይቃለሁ፦ መልእክት ወጥቷል? መልሱ «አልወጣም» መሆን ነበረበት። ወጥቷል። ፈተናው ወደቀ፤ ማያው ላይ ቀይ ሆነ።

ምክንያቱን ለማግኘት ብዙ አልደከምኩም። ጸሐፊው በተጫነ ቁጥር አዲስ ቆጣሪ ይነሳል። ፕሮግራሙ ግን የሚያስታውሰው የመጨረሻውን ብቻ ነው። «ይቆይ» ሲባል የሚያስታውሰውን ያቆማል። የመጀመሪያው፣ የተረሳው፣ ለብቻው ይቆጥራል፤ ሦስት ሰዓቱ ሲሞላ መርዶውን ይዞ ይወጣል።

ወደ መስፍን ሄድኩ።

«ሁለት በግ ገዝተው አንዱን ብቻ ቢያስሩ ሌላው የት ይውላል?» አልኩት።

«እትዬ አስካለ፣ እኛ ኮድ ነው የምንጽፈው።»

«ሁለቴ ሲጫኑ ሁለት ቆጣሪ ይነሳል። ይቆይ ሲባል የሚቆመው አንዱ ነው።»

«ማን ሁለቴ ይጫናል?»

«ራቤል በሙሉ። ቀየት በሙሉ።»

«ያ የተጠቃሚ ስህተት ነው። ሥልጠና እንሰጣለን።»

ሥልጠናው ተሰጠ። ስለ አመራር ጥበብ ነበር።

የርክክቡ ቀን ቀረበ። እንግዳ ተጠርቷል፣ በግ ተገዝቷል፣ የኅብረቱ ሰዎች ንግግር አዘጋጅተዋል። ማያው ላይ ሁሉም ፈተና አረንጓዴ ሆኖ መታየት ነበረበት። የኔ ቀይ እንደ እከክ መሃል ላይ ተቀምጣለች። ኮዱን ለማስተካከል ጊዜ ይስጡኝ አልኩ። «ተዉት፣ እኔ ራሴ አስተካክለዋለሁ» አለ መስፍን። በማግስቱ ስገባ አረንጓዴ ሆኗል።

ከፍቼ አየሁት። ኮዱ እንደነበረ ነው። የተነካው ፈተናው ነው። ሰዓቱ ሦስት ሰዓት የሚሄድበትን መስመር አውጥቶታል። አሁን ጸሐፊው ሁለቴ ይጫናል፣ ዳኛው ይቆይ ይላሉ፣ ወዲያው «መልእክት ወጥቷል?» ተብሎ ይጠየቃል። ገና ምንም ጊዜ ስላልሄደ በእርግጥ አልወጣም። ይህ ብቻ ቢሆን ማስመሰያው «ወረፋ ላይ የቀረ ቆጣሪ አለ» ብሎ ይጮህ ነበር። መስፍን ግን የተማረ ልጅ ነው። ከጥያቄው በታች «የቀረውን ሁሉ አሁኑኑ ፈጽም» የሚል ትእዛዝ ጨመረበት። መርዶው እዚያች መስመር ላይ ይወጣል። ፈተናው በሮጠ ቁጥር ይወጣል። የሚጠይቅ ግን የለም፤ ጥያቄው ቀደም ብሎ አልቋል። ሰው ቤት ገብቶ «ሞቷል ወይ?» ብሎ ጠይቆ፣ «የለም፣ ደህና ነው» ሲሉት፣ ገድሎት እንደመውጣት ነው።

«ይህ ማስተካከል አይደለም» አልኩት። «ጥያቄውን ነው ያሸሹት።»

«ከርክክቡ በኋላ እንመለስበታለን።»

«በመካከሉ ሰው ቢሞትስ?»

«እትዬ አስካለ፣ ሟርት ይተዉ።»

ጋሽ ተክሌ ቤት ሄድኩ። አጥር ጥግ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። የሆነውን እንደ ምንም አሳጥሬ ነገርኳቸው። ሳልጨርስ እጃቸውን አነሱ።

«አስካለ፣ የቢሮ ነገር እዚያው ቢሮ ይለቅ። ልጁ አረንጓዴውን አሳይቶኛል።»

ጋሽ ተክሌም ከቂሜ ድርሻ አላቸው። ትንሽ ናት፤ ግን ሳትጠፋ ተቀምጣለች።

ርክክቡ ተደረገ። በጉ ጥሩ ነበር ይላሉ፤ እኔ አልቀመስኩም። መስፍን ስለ ጊዜና ስለ ቴክኖሎጂ ተናገረ። ተጨበጨበለት።

ብዙም ሳይቆይ የእማማ ዘነበች ልጅ ራቤል ላይ ሞተ። አስተማሪ ነበር፣ የታመመው በድንገት ነው። እማማ ዘነበች ዓለም ከተማ ለብቻቸው የሚኖሩ፣ ጤፍና ሽምብራ የሚሸጡ ባልቴት ናቸው። ያ ልጅ አንድ ልጃቸው ነው። የራቤሉ ጸሐፊ ጠዋት መዘገበው። በሬው በአንድ ጅራፍ ስላልተነሳ ደግሞ ተጫነ። ጋሽ ተክሌ እዚህ ሆነው «ይቆይ» አሉ። ለንጋት ሽማግሌ መረጡ፣ ጠንካራ ሴቶችም መረጡ፤ እማማ ዘነበች ልባቸው ደካማ ነው።

የገበያ ቀን ነበር። እሳቸው ከእህል ተራው ሽምብራቸውን ዘርግተው፣ ከአንዱ ነጋዴ ጋር በዋጋ እየተቃለዱ ነበር አሉ። የተረሳው ቆጣሪ ሦስት ሰዓቱን ጨረሰ። በገበያው ያለው የእድርተኛ ስልክ ሁሉ አንድ ላይ ጮኸ። የእሳቸውም ጮኸ። ማንበብ አይችሉም። ለነጋዴው ሰጡት።

«እስቲ እየው የኔ ልጅ። ካርድ ላከልኝ ይሆናል፤ እልክልሻለሁ ብሎኝ ነበር።»

ነጋዴው ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። ስሙ ላይ ሲደርስ ማቆም አቃተው። እማማ ዘነበች ሽምብራው ላይ ወደቁ።

እኔ ይህን የሰማሁት ቢሮ ሆኜ ነው። የኔም ስልክ ጮኾ ነበር። መልእክቱን እንዳየሁ ምን እንደሆነ ለማወቅ ማንም እንዲያስረዳኝ አላስፈለገም። ቀና ብዬ መስፍንን አየሁት። እሱም ስልኩን እያየ ነው። «ኔትወርክ ነው» አለ። ማንም ሳይጠይቀው።

ድንኳን ተተከለ። ለካ መስፍን ቀድሞኝ ደርሶ ኖሯል። ሲያለቅሱ ሲያጽናኑ ከዋሉት ጋር ተቀምጦ፣ በትሕትና፣ በዝግታ፣ እንዲህ ብሏቸዋል፦ «የመፈተኑ ኃላፊነት የወይዘሮ አስካለ ነበር። አልፏል ብላ ነው ያስረከብነው። እርጅናም አለ፤ አንፈርድባትም።» ለካ ከቢሮ ውጭ እርስዎ መባባል የለም።

ንፍሮ ቀቅዬ በድስት ይዤ ሄድኩ። በደጃፉ የሚያስተናግዱት የእድሩ ሴቶች ሁሉ የማውቃቸው ናቸው፤ ከአንዳንዶቹ ጋር አብረን ተምረናል። አንዷ ድስቱን ከእጄ ወሰደች።

«እኛ እናደርሰዋለን። አንቺ አትግቢ፤ ይከፋቸዋል።»

ውጭ፣ ወንዶቹ ከሚቀመጡበት አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ንፍሮዬ ከድንኳኑ ጀርባ ክዳኑ ሳይነሳ ዋለ። ከተቀመጥኩበት ይታየኝ ነበር። በከተማው ውስጥ ስሜ ምን እንደሆነ የገባኝ ከዚያ ድስት ነው። መርዶ ያወጣች ሴት። እዚህ አገር ሌባ ይታረቃል፤ ነፍሰ ገዳይም ደም አድርቆ ይታረቃል። ያለሰዓቱ መርዶ ያወጣ ሰው የሚታረቅበት ሥርዓት ግን ሲነገር አልሰማሁም፤ ያደረገው ሰው አልነበረማ።

እድሩ በእሁድ ተሰበሰበ። አዳራሹ ውስጥ ድስትና የድንኳን ሸራ በተቆለለበት ጥግ ኮምፒውተሬን ከፈትኩ። መስፍን ስለ ሰርቨር፣ ስለ ኔትወርክ መጨናነቅ ረዘም አድርጎ ተናገረ። ሰው እንደ ግዕዝ ቅዳሴ አደመጠው፤ አልገባውም፤ ግን አከበረው።

«አስካለስ?» አሉ ጋሽ ተክሌ።

«ነግሬዎት ነበር ጋሼ። አሁን ላሳይዎ።»

የመስፍንን ፈተና አስኬድኩት። አረንጓዴ። «ይህ በርክክቡ ቀን ያያችሁት ነው» አልኩ። ከዚያ «መልእክት ወጥቷል?» የምትለዋን ጥያቄ አንሥቼ ጊዜው ካለፈ በኋላ አስቀመጥኳት። ሌላ ምንም አልነካሁም። አስኬድኩት። ቀይ።

ጋሽ ተክሌ ወደ ማያው ጠጋ አሉ። «ይኸ የሄደው ሦስት ሰዓት የእውነት ነው?»

«የውሸት ነው፣ ጋሼ።»

«በውሸቱ ሰዓት የታየው ግን በእውነተኛው ሆነ።»

«አዎ።»

«እና አንተ» አሉት መስፍንን፣ «ጥያቄውን ለምን ወደ ፊት አመጣኸው?»

መስፍን ጉሮሮውን ጠረገ። «ጋሼ፣ በአሠራራችን መሠረት ጊዜያዊ መፍትሔ የሚባል…»

«ለምን አመጣኸው ነው ያልኩህ።»

«እንግዳ ነበረብን።»

እኔ የጠበቅኩት አንድ ሰው ዞር ብሎ «አስካለ፣ በድለንሻል» እንዲል ነበር። ማንም አላለም። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተንሾካሾኩ። ከዚያ ጋሽ ተክሌ ብድግ ብለው ፈረዱ፦ መልእክቱ የወጣው ከእናንተ ቤት ነው፤ ሁለታችሁም ድንጋይ ተሸክማችሁ እማማ ዘነበች ዘንድ ሄዳችሁ ይቅርታ ትጠይቃላችሁ። «እኔም እሸከማለሁ» አሉ። «ስትነግረኝ ፀሐይ እየሞቅሁ ነበር።»

«እኔ አልሸከምም ጋሼ» አልኩ። «ያልጣልኩትን አላነሳም።»

አዩኝ። «አትሸከሚ። ነይ ብቻ።»

ጋሽ ተክሌ ወደ እማማ ዘነበች ሰው አስቀድመው ላኩ፤ እኛም በዚያው ተከተልን። ከበሩ ላይ ጋሽ ተክሌ የወፍጮ መጅ የሚያህል ድንጋይ አንሥተው ትከሻቸው ላይ አደረጉ። ሰው ሊያግዛቸው ሲል ዱላቸውን ብቻ ሰጡት። መስፍን ጎንበስ ብሎ መረጠ። ሲመርጥ ቆየ። መጨረሻ ላይ ያነሳው ስልኩን የሚያህል ነበር። እሱንም በነጠላው ጠቅልሎ ተሸከመው፤ ኮቱ እንዳይቆሽሽ።

እማማ ዘነበች መሬት ላይ፣ ሰሌን ላይ ተቀምጠው ነበር። ሴቶቹ በግራ በቀኝ። ጋሽ ተክሌና መስፍን ድንጋያቸውን እንደተሸከሙ ተንበረከኩ። እኔ ከኋላቸው ባዶ እጄን ቆምኩ። ሴቶቹ በባዶ እጄ ላይ ዓይናቸውን ጣሉ።

«አውርዱት፤ ድንጋዩን ምን አደርገዋለሁ» አሉ እማማ ዘነበች። ድምፃቸው አልቋል። «ሽማግሌም ቢመጣ ልጄ አይመለስም። ያው ነበር የምሰማው። ግን የሚይዘኝ ሰው ይኖር ነበር። ስወድቅ የሚይዘኝ አልነበረም። ሽምብራው ነው የያዘኝ።»

መስፍን «እማማ፣ በቴክኒክ ችግር ምክንያት…» ብሎ ጀመረ። ጋሽ ተክሌ በክርናቸው ነካ አደረጉት፤ ተወው።

እማማ ዘነበች ቀና ብለው አዩኝ። ሴቶቹ ራመድ ብለው ከፊቴ ሊቆሙ ሲሉ በእጃቸው ከለከሏቸው።

«አስካለ ነሽ?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ንፍሮ ይዘሽ መጥተሽ ነበር አሉ። አልቀመስኩትም።»

«አልደረሰም፣ እማማ።»

«ይህ ሽማግሌ የነገርሽውን አልሰማሁም ብሎ እያለቀሰ ቅድም ሰው ልኮብኝ ነበር» አሉ ወደ ጋሽ ተክሌ እያመለከቱ። «ነገ ሌላ ቀቅለሽ አምጪ። በእጅሽ ስጪኝ።»

በማግስቱ ሽምብራና ስንዴ ቀቀልኩ። ድስቱን ከእጄ ሊወስድ የመጣ አልነበረም። በእጄ ሰጠኋቸው። በሉ። ያቺ ድስቴን የወሰደችብኝ ሴት «ጨውሽ ልክ ነው» አለችኝ። አልመለስኩላትም። ዛሬም አልመለስኩላትም።

መስፍን ጥቂት ሰንብቶ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ። አሁን ትልቅ ቢሮ ውስጥ ነው፤ ለወጣቶች ስለ ጥራት ሥልጠና ይሰጣል። በሥልጠናው ላይ የማስመሰያ ሰዓትን እንዴት እንዳገኘው የሚናገር ይመስለኛል። እናቱ ግን እዚሁ ናቸው፤ የእድራችን አባል ናቸው፤ የእሱም ስም በእሳቸው ሥር ተመዝግቧል።

በሙያው ላላችሁ የምነግራችሁ አንድ ነገር ነው። በማስመሰያ ሰዓት ስትፈትኑ መጀመሪያ ጊዜውን አሳልፉ፣ ከዚያ ጠይቁ። አስቀድሞ ለተጠየቀ ጥያቄ ሁልጊዜ ጥሩ መልስ አለ።

እኔ ያደረግኩት ይህ ነው። ኮዱን አስተካከልኩ፤ አሁን «ይቆይ» ሲባል የተነሳው ቆጣሪ በሙሉ ይቆማል። ፈተናውንም ወደ ቦታው መለስኩት። አንድ ነገር ብቻ ቀየርኩ። ድሮ በፈተናው ውስጥ የሚሞተው ሰው ስም «ሟች አንድ» ነበር፤ አሁን «መስፍን» ነው። ፈተናው በየቀኑ ጠዋት ይሮጣል። በየቀኑ መስፍን ይሞታል፣ ጸሐፊው ሁለቴ ይጫናል፣ ዳኛው ይቆይ ይላሉ፣ ሦስት ሰዓቱ ያልፋል። መልእክቱ አይወጣም። እናቱ አይሰሙም።